የክሮሞሶም ሥዕል፦ በእጅዎ ያለው ዛሬም ትክክል ነው?

ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ስምጥ ሸለቆውን ቁልቁል እያየች በድንጋያማ ኮረብታ ላይ የተሠራች የጋሞ መንደር ናት። እዚያ ያለ አንድ ቤተሰብ እናስብ። አባት ጉንጩ ላይ የቆየ ጠባሳ አለው። የበኩር ልጁም በልጅነቱ አፍንጫው አጠገብ ቆስሎ ነበር፤ ድኗል። አሁን ደግሞ ትንሿ ልጅ ፊቷ ላይ እብጠት ጀምሯታል። ባዮሎጂ የተማረ የቤተሰቡ አባል ደብተሩን አውጥቶ የዘር ሐረጉን ቢሥል፣ ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ፣ የታመመውን በጥቁር አድርጎ ቢያስቀምጥ፣ ሥዕሉ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ሥዕል ይመስላል። ከአባት ወደ ልጆች፣ ትውልድ ሳይዘል።

ነገር ግን እንዲህ ያለው ንባብ ስህተት ነው። በኦቾሎ ሰዎች ፊት ላይ የሚወጣው ይህ ቁስል የቆዳ ሌይሽማኒያሲስ ነው፤ በብዙ የአገራችን ክፍል ቁንጭር ይባላል። የሚያመጣው ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ የተባለ ጥገኛ ተውሳክ ሲሆን የምታስተላልፈው ደግሞ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ከትንኝ ያነሰች ነፍሳት ናት። ተውሳኩ በዋናነት የሚኖረው በመንደሩ ድንጋዮችና ዋሻዎች ውስጥ በሚኖሩት ሽኮኮዎች ላይ ነው። አባትና ልጆች የተጋሩት በሽታ አምጪ ጂን አይደለም። የተጋሩት ቤት፣ ደጅ፣ አጠገባቸው ያለው ዋሻና በምሽት የምትነድፈው ዝንብ ነው። የዘር ሐረጉ ሥዕል ማን እንደታመመ በትክክል ያሳያል፤ ለምን እንደታመመ ግን አይናገርም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ከሕክምና ተቋም፣ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ወይም ከስልክ ላይ የክሮሞሶምና የዘር ውርስ ሥዕል አይተው ስለራስዎ፣ ስለ ልጅዎ ወይም ስለሚያገቡት ሰው ውሳኔ ላይ ለሚደርሱ ነው። የክሮሞሶም ምርምር ባለፉት መቶ ዓመታት ብዙ ጊዜ ራሱን አርሟል። በየግድግዳው የተለጠፉት ሥዕሎች ግን አብረው አልታረሙም። (ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሮሞሶም በእርግጥ ምን ይመስላል?

በአብዛኛው ሥዕል ላይ ክሮሞሶም እንደ መስቀል፣ ሁለት ዱላ መሐል ላይ የታሰረ ሆኖ ይሣላል። እንዲህ የሚመስለው ግን ሕዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲዘጋጅ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት እያንዳንዱ ክሮሞሶም ራሱን ቀድቶ ሁለት እጥፍ ሆኗል። በቀረው ጊዜ ዲኤንኤው ተፈትቶ በሕዋሱ ኒውክለስ ውስጥ እንደ ተበተነ ድር ይኖራል፤ የሚሠራውም ያኔ ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለምንድን ነው? አንዳንድ ወላጆች የመስቀሉን ሁለት ጎን አይተው "አንዱ ጎን የእናት፣ አንዱ የአባት" ብለው ይረዳሉ። አይደለም። የመስቀሉ ሁለቱ ጎኖች የአንድ ክሮሞሶም ቅጂዎች ናቸው። ከእናትና ከአባት የመጡት ሁለት የተለያዩ ክሮሞሶሞች ናቸው፤ በምርመራ ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን ጥንድ ሆነው የሚቀመጡት እነሱ ናቸው።

ቁጥሩም ቢሆን ሁልጊዜ እንደዛሬው አልነበረም። በ1923 ቴዎፊለስ ፔይንተር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የሰው ክሮሞሶም 48 ነው አለ። ከ30 ዓመት በላይ መጻሕፍት ሁሉ 48 ብለው አስተማሩ። ሌሎች ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ እያዩም 48 ቆጠሩ፤ የሚጠብቁት ያን ስለነበረ ነው። በስዊድን ሉንድ ከተማ የሚሠሩት ጆ ሂን ቺዮና አልበርት ሌቫን በ1955 መጨረሻ በተሻለ ዘዴ ቆጥረው 46 አገኙ፤ በ1956 አሳተሙት። ዛሬ 48 የሚል ሥዕል ማግኘት ከባድ ነው፤ የዚያ ዘመን ሌላ ስህተት ግን አሁንም በየላብራቶሪው አለ። ክሮሞሶሞች ከትልቁ ወደ ትንሹ ከ1 እስከ 22 ቁጥር ተሰጣቸው። ዳውን ሲንድረምን የሚያመጣው ትርፍ ክሮሞሶም በ1959 ሲገኝ 21ኛው ተባለ። በኋላ በትክክል ሲለካ ከ22ኛው ያንሳል። ማለትም ከሁሉም ትንሹ እሱ ነው። ስሙ በዓለም ሁሉ ስለተለመደ ግን አልተቀየረም። በልጅዎ የምርመራ ወረቀት ላይ 21ኛው ከ22ኛው አንሶ ካዩ ስህተት አይደለም፤ "ጎድሎ ነው ወይ?" ብለው አይጨነቁ።

ዳውን ሲንድረም፦ ሥዕሉ "ከሦስት አንድ" ሲል

እዚህ ላይ ረዘም እንላለን፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው በዚህ ነው።

ዳውን ሲንድረም ካላቸው ልጆች መካከል ወደ 95 ከመቶ የሚሆኑት ሦስት ሙሉ 21ኛ ክሮሞሶም አላቸው። ይህ የሚሆነው እንቁላሉ ወይም የወንዱ ዘር ሲሠራ ጥንዱ ሳይለያይ በመቅረቱ ነው። እናት በእርግዝና የበላችው፣ የሠራችው ወይም ያየችው ነገር አያመጣውም። የእናት ዕድሜ ሲጨምር ዕድሉ ይጨምራል፤ ቢሆንም ወጣት እናቶችም ይወልዳሉ። እንዲህ ዓይነት ልጅ የወለዱ ወጣት ወላጆች ሌላ ተመሳሳይ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ወደ 1 ከመቶ ነው።

ከ3 እስከ 4 ከመቶ የሚሆኑት ልጆች ግን የተለየ ነገር አላቸው፤ ትርፉ 21ኛ ክሮሞሶም ከሌላ ክሮሞሶም፣ ብዙ ጊዜ ከ14ኛው ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ይህ መጣበቅ አንዳንድ ጊዜ ከጤነኛ ወላጅ የሚመጣ ነው። ያ ወላጅ ሲቆጠር 45 ክሮሞሶም ይኖረዋል፤ አንዱ ግን ሁለቱን ይዟል፤ ስለዚህ የጎደለው ነገር የለም፤ ጤናውም ደኅና ነው። አንድ ወላጅ "45 አለህ" ሲባል "እኔ በሽተኛ ነኝ ማለት ነው?" ብሎ ቢደነግጥ አያስገርምም። አይደለም።

የመማሪያ ሥዕሉ የሚያሳስተው እዚህ ነው። መጻሕፍት ከዚህ ወላጅ ሊወጡ የሚችሉ ስድስት ዓይነት የዘር ሕዋሳትን ይሥላሉ። ከስድስቱ ሦስቱ ወደ ሕይወት አይደርሱም። ከቀሩት ሦስት አንዱ ፍጹም መደበኛ፣ አንዱ እንደ ወላጁ ተሸካሚ፣ አንዱ ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ይሆናል። ሥዕሉን የሚያይ ሰው ወዲያው "ከሦስት አንድ" ብሎ ያሰላል። በእውነተኛ ቤተሰቦች የተቆጠረው ግን እንዲህ አይደለም። ተሸካሚዋ እናት ስትሆን ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመወለድ ዕድል ከ10 እስከ 15 ከመቶ ነው፤ አባት ሲሆን ደግሞ እጅግ ያነሰ፣ በጥቂት በመቶ ውስጥ ነው። ስድስቱ ሕዋሳት በእኩል ቁጥር አይሠሩም፤ ሠዓሊው ግን ለእያንዳንዱ እኩል ቦታ ሰጥቶታል። ሥዕሉ ምን ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳያል እንጂ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሆን አያሳይም። በዚህ አንድ ነጥብ ምክንያት ልጅ መውለድ ያቆሙ ባልና ሚስት ቢኖሩ አይደንቀንም።

አንድ ብርቅ ነገር ግን በተቃራኒው አለ። ሁለቱም 21ኛ ክሮሞሶሞች እርስ በርስ የተጣበቁበት ወላጅ ከሆነ፣ በሕይወት የሚወለደው ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል ዳውን ሲንድረም ይኖረዋል። ስለዚህ "ትራንስሎኬሽን" የሚል ቃል በወረቀቱ ላይ ካዩ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተጣበቀ ሳይጠይቁ አይውጡ፤ የሁለቱም ወላጆች ክሮሞሶም እንዲታይም ይጠይቁ።

የሚጣበቁት በአብዛኛው አምስት ክሮሞሶሞች ናቸው፦ 13፣ 14፣ 15፣ 21 እና 22። እነዚህ አንገታቸው ወደ ጫፍ የተጠጋ፣ አንድ ክንዳቸው በጣም አጭር የሆነ ነው። ያ አጭር ክንድ በአሮጌ ሥዕሎች ላይ ባዶ ወይም በግራጫ የተሞላ ሆኖ ይታያል። ባዶ ስለሆነ አልነበረም፤ ማንበብ ስላልተቻለ ነው። በ2003 ተጠናቀቀ የተባለው የሰው ዘረመል ንባብ ወደ 8 ከመቶ የሚሆን ክፍል ይጎድለው ነበር። በ2022 ይህ ክፍተት ተሞላ፤ አጫጭር ክንዶቹም ተነበቡ። በ2023 ደግሞ የእነዚህ አምስት ክሮሞሶሞች አጫጭር ክንዶች እርስ በርሳቸው ቁራጭ እንደሚለዋወጡ የሚያሳይ ማስረጃ ታተመ፤ ለምን እንደሚጣበቁ የሚያስረዳ ፍንጭ ነው። ለእርስዎ ቤተሰብ ዛሬ የሚነገረውን የዕድል ቁጥር ግን አይቀይርም። አዲስ ግኝት በሰሙ ቁጥር "እኛ የተነገረን ውሸት ነበር" ብለው አያስቡ። ቁጥሩ የመጣው ከተወለዱ ልጆች ቆጠራ ስለሆነ ክንዱ ባይነበብም ያው ነበር።

ወንድና ሴት

ይህን ባጭሩ እንለፈው። ሴት ሁለት ኤክስ፣ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። ዋይ የሚመጣው ከአባት ብቻ ነው። ሴት ልጅ ብቻ ወለደች ተብላ የምትወቀስ ሚስት በሥዕሉም በሳይንሱም ጥፋት የለባትም፤ ይህ የሥዕሉ ክፍል አላረጀም። ያረጀው ዋይ እንደ ባዶ ጉቶ መሣሉ ነው። ከግማሽ በላዩ ሳይነበብ ቆይቶ በ2023 ሙሉ በሙሉ ተነበበ፤ ወደ 62 ሚሊዮን ፊደል አለው።

ሌላ አንድ ነገር። ምላስ መጠቅለልና የጆሮ ጫፍ ቅርጽ በአንድ ጂን ብቻ እንደሚወረሱ የሚያሳዩ ሥዕሎች አሁንም በብዙ ክፍሎች ውስጥ አሉ። ስለ ምላስ መጠቅለል በ1940 የጻፈው አልፍሬድ ስተርቴቫንት ራሱ በ1965 ሐሳቡን ትቶታል፤ መንትዮች ላይ ሲታይ አንዱ የሚጠቀልል፣ አንዱ የማይችል ተገኝቷልና። ምላሱን መጠቅለል የማይችል ልጅ "የእኔ አይደለም" ለማለት ማስረጃ አይሆንም። አስቂኝ ይመስላል፤ ግን በዚህ ተነሥቶ በቤት ውስጥ ጥርጣሬ ሊገባ ይችላል።

የእግር ማበጥ፦ "በዘር ነው" እና "ጫማ ነው" ሁለቱም እውነት ሲሆኑ

ከኦቾሎ ወደ ጋሞ ደጋና ወደ ጎረቤት ወላይታ ሲሄዱ ሌላ በሽታ ያገኛሉ፦ ፖዶኮኒዮሲስ። ብዙ ሰው ዝሆኔ ይለዋል። በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ ነው። ተውሳክ የለውም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተሠራ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ ጥቃቅን የአፈር ቅንጣቶች በቆዳው ገብተው የእግሩን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፤ እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል። በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ይገመታል።

በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል። ስለዚህ "የዘር በሽታ ነው" ይባልና ከዚያ ቤት ጋር ጋብቻ ይከለከላል። ልጅቷ እግሯ ደኅና ቢሆንም አባቷ ስላበጠ ብቻ ትቀራለች። በሽታው ከሚያደርሰው ሥቃይ ይልቅ ይህ የሚከብዳቸው ብዙዎች ናቸው።

ምርምሩ ምን አገኘ? በ2007 በወላይታ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት ከሌላው ሰው ወደ አምስት እጥፍ የበለጠ ተጋላጭ መሆኑን አሳየ፤ የዘር ድርሻውንም ወደ 63 ከመቶ ገመተው። በዚያን ጊዜ ከውሂቡ ጋር የተስማማው ሥዕል አንድ ዋና ጂን ያለበት ነበር። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ የታማሚዎችንና የጤነኞችን ዘረመል አነጻጽረው በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በ6ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ፣ ኤችኤልኤ በሚባለው አካባቢ ነበር። ይህ አካባቢ ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይባቸው ጂኖች ያሉበት ነው። በኋላም በ2021 በሌሎች የኢትዮጵያ ሕዝቦች መካከል የተደረገ ጥናት ያንኑ አካባቢ አመለከተ። እንግዲህ ሥዕሉ ተቀየረ፤ "የዝሆኔ ጂን" የሚባል አንድ ነገር ያለ ይመስል የነበረው፣ ሰውነት ለአፈሩ ቅንጣት የሚሰጠውን ምላሽ የሚያጠነክሩ ወይም የሚያለዝቡ ልዩነቶች ሆነ።

63 ከመቶ የሚለው ቁጥር ደግሞ በጣም የሚያሳስት ነው። ከመቶ ልጆች 63ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም። በጓሮዎ ያለውን እንሰት ያስቡ። ፍጉ ለሁሉም እኩል የሚደርሰው ከሆነ፣ አንዱ ከሌላው ሲረዝም ልዩነቱ የመጣው ከዝርያው ነው፤ የዘር ድርሻው ትልቅ ይሆናል። አንዱ ጥግ ፍግ ሲያገኝ ሌላው ካጣ ግን ያው እንሰት ሆኖ ልዩነቱ ከመሬቱ ይመጣል፤ የዘር ድርሻው ያንሳል። ዝርያዎቹ አልተቀየሩም፤ ቁጥሩ ግን ተቀየረ። ሁሉም ሰው በባዶ እግሩ በሚሄድበት አገር ማን እንደሚታመም የሚወስነው በአብዛኛው የተፈጥሮ ተጋላጭነት ነው። ሁሉም ጫማ ሲያደርግ ግን ተጋላጭ የሆነውም አይታመምም። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በሽታው ቀደም ሲል በሰሜን አፍሪካና በአየርላንድ፣ በስኮትላንድ፣ በፈረንሳይ ይገኝ ነበር። የሕዝቡ ጂን ሳይቀየር ጫማ የተለመደ ሲሆን ጠፋ።

ስለዚህ ከዚህ በሽታ ጋር የሚታይ ማንኛውም የዘር ሐረግ ሥዕል አፈሩንና ጫማውን ካላሳየ ጎደሎ ነው። በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለ ሥዕል በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀል ባይሰቀል ይሻላል። ከታመመ ሰው የተወለደ ልጅ መራመድ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ጫማ ቢያደርግ፣ እግሩም በየቀኑ በሳሙና ቢታጠብ በሽታው እንዳይይዘው ማድረግ ይቻላል። የልጁ ጋብቻ ለመታገድ ምክንያት የለውም። የጀመረው ሰውም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ፤ እግርን በየዕለቱ በሳሙና ማጠብ፣ በትንሽ በረኪና በተበረዘ ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል። በምሥራቅ ጎጃም የተደረገና በ2018 የታተመ ሙከራ ይህ ቀላል ክብካቤ በድንገት የሚነሣውን ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። የበረኪናውን መጠን ጤና ባለሙያ ያሳይዎት፤ ከበዛ ቆዳ ያቃጥላል።

ባይራ፦ ሳይንቲስቶች ራሳቸውን ሲያርሙ

"ምርምሩ ራሱ ከተሳሳተ ማንን እንመን?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ እዚያው ጋሞ ደጋ ውስጥ አለ።

በ2012 በጋሞ ደጋ በሚገኘው ሞታ ዋሻ ውስጥ ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ የአንድ ሰው አፅም ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ባይራ አሉት፤ በጋሞኛ የበኩር ልጅ ማለት ነው። ከውስጥ ጆሮው ዙሪያ ካለው ጠንካራ አጥንት ዲኤንኤ ወጥቶ ተነበበ። ከአፍሪካ የተገኘ የመጀመሪያው የጥንት ሰው ሙሉ ዘረመል ሆነ፤ በጥቅምት 2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ። ከዛሬዎቹ ሕዝቦች መካከል በጣም የሚቀርበው ለደቡብ ኦሞ አሪዎች ነበር።

ጽሑፉ ሌላም ነገር ይል ነበር፦ ከባይራ ዘመን በኋላ ከምዕራብ እስያ በኩል ወደ አፍሪካ የተመለሱ ሰዎች ዘር በምሥራቅ አፍሪካ ብቻ ሳይሆን እስከ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ድረስ እንደተሰራጨ። ዜናው ዓለምን ዞረ፤ ካርታዎችም ተሣሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ውሂቡን ደግመው ሲሠሩት ያ ውጤት አልወጣላቸውም። ችግሩ ተገኘ። ሁለት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ሲገናኙ ባይራ ከማጣቀሻው የሰው ዘረመል ጋር የሚመሳሰልባቸው ብዙ ቦታዎች ሳይታወቅ ተጥለዋል። በዚህ ምክንያት ባይራ ከሌሎች አፍሪካውያን ይበልጥ የራቀ መሰለ። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በ2016 መጀመሪያ እርማት አወጡ፦ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ያሉት ይጸናል፤ ስለ መላው አፍሪካ ያሉት ተነሥቷል። አፅሙም፣ ዕድሜውም፣ ንባቡም እንዳለ ነው። የተሳሳተው ንጽጽሩ ነበር። እርማቱ ታትሞ እያለ ግን የመጀመሪያውን ካርታ ዛሬም ደጋግመው የሚያሳዩ አሉ።

ይህ ለታማሚ ምን ያገባዋል? የእርስዎ የዘረመል ምርመራም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። ናሙናዎ ከማጣቀሻ ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነት ሲገኝ "ይህ በሽታ ያመጣል ወይስ የተለመደ ነው?" ተብሎ ብዙ ጤነኛ ሰዎች ካሉበት መዝገብ ጋር ይታያል። መዝገቡ ውስጥ የእኛ ሰው ጥቂት ከሆነ፣ በጋሞ ወይም በጎጃም የተለመደ ምንም የማይጎዳ ልዩነት "ያልተለመደ" ሊባል ይችላል። ከ26 ሕዝቦች ናሙና የሰበሰበውና ለብዙ ዓመት ዋና መነጻጸሪያ የነበረው የ1000 ጂኖም ፕሮጀክት ከኢትዮጵያ አንድም ሕዝብ አልነበረበትም። በ2015 የታተመ አንድ የአፍሪካ የዘረመል ጥናት አማራን፣ ኦሮሞንና ሶማሌን አካቷል፤ ጅምር ነው። በ2023 ደግሞ አንድ ማጣቀሻ ከመጠቀም ይልቅ ከ47 ሰዎች የተሠራ የጋራ ማጣቀሻ ወጣ፤ የሚሄድበት አቅጣጫ ትክክል ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነና በምርመራ ውጤትዎ ላይ "ትርጉሙ ያልታወቀ ልዩነት" የሚል ካገኙ፣ ይህ በሽታ ተገኘብዎ ማለት አይደለም። በእሱ ብቻ ተነሥተው ቀዶ ሕክምና ወይም የእርግዝና ውሳኔ አያድርጉ። እንዲህ ያሉ ውጤቶች መዝገቡ ሲሰፋ እንደገና ይመደባሉ፤ ብዙዎቹም ጉዳት የሌላቸው ሆነው ይገኛሉ። በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ምርመራውን ያዘዘልዎትን ክፍል "ትርጉሙ ተቀይሯል?" ብለው ይጠይቁ።

ሥዕል ሲሰጥዎት

መጀመሪያ ሥዕሉ የእርስዎ መሆኑን ይለዩ። አንዱ ከደምዎ የተወሰደ ሕዋስ ፎቶግራፍ ነው፤ ክሮሞሶሞቹ ጠመም ጠመም ያሉ፣ ግራጫ መስመር ያላቸው፣ ከሥራቸው ቁጥር ያላቸው ናቸው። ሌላው ለማስረዳት የተሣለ የማንም ያልሆነ ሥዕል ነው፤ ቀጥ ያለና ባለ ቀለም። ሐኪሙ ሁለተኛውን እያሳየ ሲያስረዳ ብዙ ሰው "የልጄን ክሮሞሶም አየሁ" ብሎ ይወጣል። "ይህ የልጄ ነው ወይስ ምሳሌ ነው?" ማለት ነውር የለውም።

ምሳሌ ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ "በእኛ ሁኔታ ስንት ከመቶ ነው?" የሚል ይሁን። ቁጥሩን በቃል ሳይሆን ተጽፎ ይቀበሉ፤ ለአንድ እርግዝና መሆኑንም ያረጋግጡ። ከአራት አንድ ማለት ሦስቱ ደኅና ልጆች ከተወለዱ አራተኛው ይታመማል ማለት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ እርግዝና ዕጣው እንደ አዲስ ነው።

ስለ ቤተሰብዎ ሲጠየቁ ደግሞ ማን እንደታመመ ብቻ ሳይሆን የት እንደኖረ፣ ጫማ ያደርግ እንደነበር፣ ምን ሥራ እንደሠራ ይናገሩ። በኦቾሎዋ ልጅ ጉዳይ ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው ምርመራ የሚመራው አባቷ ጠባሳ ያለው መሆኑ ሳይሆን ቤቷ ከሽኮኮ ዋሻ አጠገብ መሆኑ ነው። ለእሷ የክሮሞሶም ምርመራ አያስፈልግም። ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ተውሳኩ ይፈለጋል። ቁስሉ ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል፤ ግን ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል፤ ጠባሳም ይተዋል። አፍንጫ ወይም ከንፈር ውስጥ ከገባ፣ ወይም በፊትና በእጅ እግር ላይ በብዛት ከተሰራጨ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ ያለ መድኃኒት አይለቅምና። በእሳት ወይም በባትሪ አሲድ አያቃጥሉት።

(ያወቀ ይጠይቅ ይሆናል፤ ተውሳኩስ ክሮሞሶም የለውም ወይ? አለው፤ 36 ያህል ነው። ግን በአንዱ የተውሳክ ሕዋስ ሁለት ቅጂ የሆነው ክሮሞሶም በሌላው ሦስት ወይም አራት ሊሆን ይችላል፤ ተውሳኩም በዚያው ይኖራል። ለሰው የተሣለው "ሁለት ሁለት" የሚል ሥዕል ለእሱ አይሠራም።)

የምርመራ ወረቀቱን ዋና ቅጂ ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር ያስቀምጡ። ፎቶ አንሥተው በስልክም ይያዙ። ቀኑ፣ የላብራቶሪው ስምና በቁጥርና በፊደል የተጻፈው የክሮሞሶም ውጤት መስመር በግልጽ መነበባቸውን ያረጋግጡ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ልጅዎ ወይም እህትዎ ለማርገዝ ሲያስቡ ሐኪሙ የሚጠይቀው ያን መስመር ነው።